ማቅቫላ ከአሥራ አንዱ ስሞች ውጭ

ማቅቫላ ሥራዋ ጥርስ መቁረጥ ነው። የታመመ ሰው ጥርስ እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤቱ ከሞተ ስንት ሺህ ዓመት ያለፈውን፣ ከከተማችን ከኩታይሲ በላይ ካለው ዋሻ ተቆፍሮ የወጣውን ነው። በአልማዝ መጋዝ ትሰነጥቀዋለች፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ትሞርደዋለች፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ መስመር ትቆጥራለች። የልጅ ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ አንድ ስስ መስመር ይጨምራል። መስመሩን በትክክል የቆጠረ ሰው ያ ልጅ በስንት ቀኑ እንደታመመ ይናገራል። እንደ እሷ አድርጎ የሚቆጥር ደግሞ አገሩ ላይ የለም። ጎረቤቴ ስለሆነች አይደለም ይህን የምለው፤ ውጭ አገር ያሉት እንኳ ቁጥራቸው ከእሷ ሲለይ ደግመው የሚቆጥሩት የራሳቸውን ነው።

ታዲያ የስድስት ዓመት ልፋት ታትሞ ሲወጣ ላዩ ላይ አሥራ አንድ ስም ተደርድሯል፣ የማቅቫላ ስም የለም። መጨረሻ ላይ፣ ማንም የማያነበው ምስጋና ውስጥ፣ «የቤተ ሙከራውን ሠራተኞች እናመሰግናለን» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ሮስቶም ናቸው። አስተማሪዋ ናቸው፤ ልጇን ቤሲክን ክርስትና ያነሱም እሳቸው ናቸው፣ አበልጅ ማለት ነው። ስሟን የዘለሉት ደግሞ ረስተው አይደለም። ጽሑፉ ያለቀ ዕለት ቤተ ሙከራው ውስጥ ምሳ ተበላ፣ ወይን ተቀዳ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ወረቀቱን ይዘው «ማቅቫላ፣ አንቺንስ ልጻፍሽ?» አሏት።

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁና! ቆራጭ ነኝ እንጂ» አለች።

እንግዲህ እኛ የኩታይሲና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ኢሜሬቲዎች፣ እንዲህ ነን። ብላ ሲሉን ጠግቤያለሁ እንላለን፣ ሲደግሙን በእናቴ ጠግቤያለሁ እንላለን፣ በሦስተኛው ወንበር እንስባለን። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ሆዳም ይባላል። ሁለተኛ የማይጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል ግን እንጃ፣ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ማቅቫላም እንደ ወጉ ተግደረደረችና ብርጭቆዋን ይዛ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ፕሮፌሰሩ ገጹን ገለጡ። ኋላ ለብቻዬ ይጠይቁኛል ብላ ሆዷን አሳመነች። እሳቸው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ለአሥሩ ባልደረቦቻቸው «ጠይቄያት በገዛ ፈቃዷ አልፈልግም ብላለች» ብለው ኢሜይል ላኩ።

አራት ወር ዝም አለች። አበልጅን ማን ይከሳል? ዝምታዋ ይቀጥል ነበር፣ መሥሪያ ቤቷ አዲስ ደንብ ባያወጣ። ባለፉት አምስት ዓመታት በታተመ ጥናት ላይ ስሙ የሌለ ሠራተኛ፣ መጋቢት ውስጥ በሚደረገው ግምገማ ይሰናበታል ተባለ። ማቅቫላ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ጡረታዋ ሦስት ዓመት ይቀረዋል፣ በዚህ ከተማ ጥርስ ቆራጭ የሚፈልግ ሌላ ቤት የለም። ቢኖርስ፣ ያንን ማይክሮስኮፕ ትታ መኖርን አስባውም አታውቅም።

ለመጽሔቱ ጻፈች። ስም የሚጨመረው አሥራ አንዱም ሲስማሙ ነው ብለው ቅጽ ላኩላት። አሥሩ በሁለት ሳምንት ፈረሙ፤ አንዳንዶቹ እያፈሩ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ የመጽሔቱ አዘጋጆች ያችን ኢሜይል አገኟት። የአገሩን ወግ አንድ ገጽ ሙሉ አስረድታ ብትልክላቸው በትሕትና መለሱላት፤ ተጠይቀሽ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፣ ሆነ ብለው አስቀርተውሽ እንደሆነ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ይጻፉልን አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል፣ በአንድ ጥያቄ የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ግምገማው ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ወደ ፕሮፌሰሩ ቤት ሄደች፤ ሚስታቸው ናዚብሮላ «ተኝተዋል» አለቻት። ረቡዕም ተኝተዋል። እህል ከአፏ ከገባ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ጥርስ ያላበላሸች ሴት በዚያ ሳምንት ሁለት ሰበረች። ስብርባሪውን በጥጥ ጠቅልላ አስቀምጣ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሄዳ ደረጃቸው ላይ ቁጭ አለች። ዝናብ ነበር። ናዚብሮላ ሁለቴ በመስኮት አየቻት፣ በሦስተኛው በሩን ከፈተች።

ፕሮፌሰሩ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ በሐኪማቸው ቀለዱ። ቅጹን ስታወጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«አንዴ ነው የጠየቁኝ።»

«አንዴም ቢሆን ጥያቄ ነው።»

«ባቶኖ ሮስቶም፣» አለች እንደ ወጉ በአክብሮት ጠርታቸው፣ «በዚህ ቤት በአንድ ጥያቄ የበላ እንግዳ አለ?»

ናዚብሮላ ከበሩ ላይ ሆና «ንገራት» አለቻቸው።

«ዓይኔ ከከዳኝ ስድስት ዓመት ሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «ማይክሮስኮፑ ላይ የምጎነበሰው ለይምሰል ነው። ጥናቱ ላይ ቆጣሪው እኔ ነኝ ተብሎ ተጽፏል። አንቺ ከገባሽ ማን እንደቆጠረ ይታወቃል።»

ማቅቫላ ደነገጠች። ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብላቸው የነበረው ለአክብሮት ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። አንጀቷን በሏት። «በቃ ይቅር» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዕድሜዋን በሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ዋጠችውና «ነገ ዓርብ ነው» ብቻ አለች።

ብዕር ጠየቁ። ናዚብሮላ እጃቸውን ይዛ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አስቀመጠችላቸው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ይወጣል። ሲጨርሱ «ምን ጻፍኩ? አንብቢልኝ» አሏት።

ማቅቫላ አነበበችላቸው። «እምቢ እንደምትል አውቄ አንዴ ጠየቅኋት። ሁለተኛ ብጠይቃት እሺ ትለኝ ነበርና አልጠየቅኋትም። መስመሮቹን የቆጠረችው እሷ ናት። እኔ አላይም።»

«ላኪው» አሉ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ።

ተርጉማ ላከችው። ዓርብ ጠዋት ከመጽሔቱ ምላሽ መጣ፤ ማረሚያው ይታተማል፣ ስሟ ሁለተኛ ሆኖ ይገባል ይላል። ደብዳቤውን ለገምጋሚዎቹ ሰጠች፣ ማኅተም ተመታላት፣ ሥራዋ ተረፈላት። ማረሚያው ሲወጣ ግን የፕሮፌሰሩ ቃል በሙሉ ታትሞ ወጣ፤ ከተማው አነበበው፣ ቆጥረው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ስለ ዓይናቸው አወሩ። ማቅቫላ ይህን አልጠየቀችም ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። በየዓመቱ ለበዓሉ ቀይ የተቀለመ እንቁላል ይዛ ከቤሲክ ጋር የምትሄደው እዚያ ቤት ነበር። ዘንድሮ እግሯ እምቢ አላትና ልጇ ብቻውን ሄደ። እሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሲመለስ ነገራት፤ ተቀብለውታል፣ አብልተውታል፣ ስለ ሥራው ጠይቀውታል፣ ስለ ሚስቱ ጠይቀውታል፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ ወይ ብለው ሳይቀር ጠይቀውታል።

«ስለ እኔስ?» አለችው።

ቤሲክ ካፖርቱን ለመስቀል ዞር አለ።