የመንገድ መሪው የሐመዱ ካሳ

አዋሽ ሰባት ከባቡር የወረድኩ ቀን ሙቀቱ እሳት ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና እናቴ ያለበሰችኝን ወፍራም ሹራብ በክንዴ አንጠልጥዬ መሥሪያ ቤቱ ስደርስ ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ምን ቸገረኝ! የንግድ ሥራ ትምህርቴን ጨርሼ በመንግሥት የጭነት መኪኖች መምሪያ የካሳ ጸሐፊ ሆኜ ልጀምር ነው። ደስታዬ ሙቀቱን አስረስቶኝ ነበር።

አለቃዬ ጓድ በላይነህ ሥራውን በአጭሩ አስረዱኝ። መኪኖቻችን ከአሰብ ወደብ እህልና ነዳጅ ያመላልሳሉ። መንገዱ ላይ ፈንጂ ይቀበራል፣ ተኩስ ይከፈታል። ዛሬ አሸባሪ የሚባለውን ያን ጊዜ ወንበዴ እንለው ነበር። ሠራተኛ ሲሞት ማስረጃውን ማሰባሰብ፣ ካሳውን በደሞዙ ልክ ማስላትና ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ማስረከብ የእኔ ድርሻ ነው። በመጨረሻም ቤተሰቡ ሲያለቅስ አብሬ እንዳላለቅስ መከሩኝ፤ ለካ ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ እንባዋ የሰነዱን ቀለም እያጠፋው ተቸግረው ኖሯል።

ሥራውን ወደድኩት። የላንድሮቨሩ ሾፌር ሰኢድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሚሌ ካሉት ዘመዶቹ ዘንድ ስላደገ አፋርኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። መንገዱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ይውላል፣ እኔም አልመለስለትም። ሚሌ ስንደርስ የፍየል ሥጋ እንበላና እዚያው እናድራለን።

አንድ ቀን ከሎጊያ ወደ ሰርዶ ተከታትሎ ሲጓዝ የነበረ የመኪኖቻችን ኮንቮይ ፈንጂ ረገጠ። ከፊተኛው መኪና ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ሾፌሩ ግርማና መንገድ መሪው ሐመዱ። ሐመዱ አፋር ነው። ሥራው መሬት ማየት ነበር። አዲስ የተቆፈረ አፈር ከሩቅ ይለያል፣ ሲጠራጠር ወርዶ በእግሩ ይቀድማል። ያን ቀን ነፋስ አሸዋ አልብሶት ኖሮ አላየውም። ፈንጂውን ማን እንደቀበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የግርማ ጉዳይ ቀላል ነበር፤ ፋይል አለው፣ ደሞዝ አለው፣ ሚስቱ በደንቡ መሠረት ካሳና ጡረታ አገኘች። ሐመዱ ግን ፋይል የለውም። የቀን አበሉ የሚከፈለው «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚባለው ሒሳብ፣ ከጎማ ማስለጠፊያው ጋር ነበር። ስለዚህ ለቤተሰቡ የተፈቀደው የቀብር ማስፈጸሚያ ብቻ ሆነ።

ይዘን ሄድን። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ያን ጊዜ ከነፋስና ከግመል በቀር ምንም አልነበረበትም፤ የሐመዱ ሰፈር ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። የጎሳው ሽማግሌ ሐጂ ኡመር በሰሌን ጥላ ሥር ተቀበሉን። የሐመዱ ሚስት ፋጡማ ሕፃን ታቅፋ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ፍየሎቿን ድርቅ ፈጅቶባት የልጆቿ ዱቄት የሚገዛው በባሏ የቀን አበል ነበር።

ሐጂ ገንዘቡን አልነኩትም። ሰኢድ የሚሉትን ያስተረጉምልኝ ጀመር።

«ሐመዱን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ?»

ደንግጬ እኛ አይደለንም፣ ወንበዴ ነው አልኩ።

«በእኛ ሕግ የደም ካሳ የሚከፍለው የገዳዩ ጎሳ ነው። ገዳዮቹ እናንተ ከሆናችሁ ይሄ ያንሳል። ካልሆናችሁ የሌላ ሰው ዕዳ ለምን ትከፍላላችሁ? ነገ ገዳዩ ቢገኝ ካሳችሁን ተቀብላችኋል አይለንም?»

ሰኢድ ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቢሮ ውስጥ እንዳልደግመውም አስጠነቀቀኝ። በዚያ ዘመን መንግሥት ገደለ የሚል ወሬ ይዞ መግባት ራስን ማስበላት ነው።

ይሄኔ ፋጡማ ቀና አለች።

«የደሙን ነገር ሐጂ ያውቃሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ባሌ የዚያን ቀን ጠዋት የወጣው ለማን ሥራ ነው? አብሮት የሞተው ሾፌር ሚስት ምን አገኘች?»

ነገርኳት። እሷም ሁለቱን የገደላቸው አንድ ፈንጂ ነው አለች። ገንዘቡን ይዘን ተመለስን።

አዋሽ እስክደርስ በንዴት ስንጨረጨር ሰኢድ እንኳ ማሾፉን ተወ። በማግስቱ ጓድ በላይነህን ሞገትኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፋይል የሌለውን ሰው ሠራተኛ ነበር ብለው ቢፈርሙ ነገ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከፈለግሽ የሚመሰክር አምጪ አሉኝ። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ መኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ሾፌሮቹ ጎማ ሲፈትሹ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሥራቸውን ጥለው ተከተሉኝ፤ ቢሮው በጋዝ ሽታቸው ሞላ። የሁሉም አዛውንት ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አውልቀው ተናገሩ።

«ጓድ፣ እኛ የምንከተለው ግርማን ነበር፣ ግርማ ደግሞ ሐመዱን። እሱ እጁን ሲያነሣ ኮንቮዩ በሙሉ ቀጥ ይላል። ኮንቮይ የሚያቆም ሰው ሠራተኛ ካልሆነ፣ ሠራተኛ ማን ነው?»

ጓድ በላይነህ የምስክሮቹን ስም አስጻፉኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ወራት አቆይቶ ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የታሰበለት በረዳት ደሞዝ ልክ ነው እንጂ በሾፌር አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ቢሆንም ለልጆቹ የወር አበል ተቆረጠላቸውና እየበረርን ሄድን።

ሐጂ ኡመር ይሄ የደም ነው ወይስ የሥራ ብለው ጠየቁኝ። የሥራው ነው፣ የደሙ ጥያቄያችሁ እንዳለ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ፋጡማ በጣቷ ፈረመች፣ እጄንም ይዛ ቆየች። የአለቃዬን ምክር ረስቼ አለቀስኩ።

ልንነሣ ስንል ሐጂ አሁን መንገድ የሚመራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። የሚመራው የሐመዱ ታናሽ ወንድም እንደሆነ፣ ያን ዕለት ጠዋትም ከኮንቮዩ ፊት እንደወጣ ሰኢድ ነገራቸው።

«እሱስ መዝገብ ላይ አለ?»

የለም አልኳቸው። እሱም የሚከፈለው ከልዩ ልዩ ወጪ ነበር።

«እንግዲያው በሕይወት ሳለ ጻፉት» አሉ።

አዋሽ እንደገባሁ መጀመሪያ የከፈትኩት ፋይል የእሱን ነው፤ ቀጥዬ የቀሩትን መንገድ መሪዎች። ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ሥራ ቆየሁ። ካሳ የሚጓደለው ሰው ሲሞት አይደለም፤ ሲቀጠር ሳይመዘገብ የቀረ ዕለት ነው።