የማይለቅ ናስትሮ

ትናንት ከሰዓት አንድ ደንበኛ ሱቄ መጥቶ «ወንድሜ፣ ከመብራት ገመድ ላይ የማይለቅ ናስትሮ የቱ ነው?» አለኝ።

ሳበው አልኩት። ጥሩ ናስትሮ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ መናኛው ቶሎ ይበጠሳል። ጠምጥመህ ጫፉን በአውራ ጣትህ ጫን አድርገውና ፀሐይ ላይ ተወው። ቆይተህ ስታየው ጫፉ ከተነሳ አትግዛው። የጅግጅጋ ፀሐይ መናኛ ዕቃ አይምርም።

ገዝቶ ሄደ። እኔ ግን ኤዶ ፋዱማ ትዝ አለችኝና ሥራ መሥራት አቃተኝ...

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው። ያኔ ሱቅ የለኝም፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ በየቤቱ እየዞርኩ መብራት እሠራለሁ። ጋሽ በላቸው የሚባሉ፣ እንደኔው ከመሃል አገር የመጡ ሰውዬ እዚሁ ጅግጅጋ ፔንሲዮን ነበራቸው። የውሃ ሞተሩ ገመድ ጓሮ ያለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ታስሮ ነው የሚያልፈው። አንሶላ የምታጥበው ሃምሳ ዓመት የሚሆናት የሶማሌ ሴትዮ ናት፣ ፋዱማ። ሁላችንም «ኤዶ» እንላታለን፣ አክስት እንደማለት ነው። እሷ «ሽቦው ይነክሰኛል» ማለት ካበዛች ሰንብታለች።

«ሥራ ስትጠላ ነው» አሉኝ ጋሽ በላቸው። «ለማንኛውም እየው።»

ሳየው እውነቷን ነው። የገመዱ መጋጠሚያ ላይ የተጠመጠመው ናስትሮ በሙቀት ለቆ ተንጠልጥሏል፣ መዳቡ ወጥቷል። ከቦርሳዬ ጥሩውን ላወጣ ስል ከለከሉኝ። ከቶጎጫሌ በካርቶን ያስመጡት ርካሽ ናስትሮ አላቸው።

«በዚህ ጠምጥም።»

ጠመጠምኩ። ውስጥ ሶኬት ስቀይር ቆይቼ ቀትር ላይ ስመለስ ጫፉ ተነስቷል፣ ማስቲሹ ቀልጦ እየተፈታ ነው። ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ አይሆንም። ሰው ይገድላል።»

«የራስህን ልትሸጥልኝ ነዋ!» ብለው ወደ ልብስ ማጠቢያው ዞሩ። «ፋዱማ! ነይ እስቲ ሽቦውን ያዢው!»

መጣች። እጇ አረፋ በአረፋ ነው። እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ... እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ያዢው እንጂ! ካልነከሰሽ ሁለተኛ ስለ ሽቦ እንዳትነግሪኝ። አልይዝም ካልሽ ደግሞ ነገ እንዳትመጪ።»

ብሬከሩ ኮሪደሩ በር ላይ ነው። ዕቃ የማነሳ መስዬ ሄድኩና አጠፋሁት። ኤዶ ፋዱማ «ቢስሚላህ» ብላ ሽቦውን ጨበጠች።

ምንም።

ጋሽ በላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አየህ? አንተም ውሸታም፣ እሷም ውሸታም!»

እሷ ሽቦውን እንደያዘች ግራ ገብቷት ቆማለች። ነገ ይህንኑ ሽቦ አምና ልትይዘው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ብሬከሩን አጥፍቼው ነው» አልኩ።

ይቆጣሉ ስል ፈገግ አሉ። «እንግዲያው አብራውና እንየዋ።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር...»

«ስማ፣ የፔንሲዮኑን የአሥራ ሁለቱንም ክፍል የመብራት መስመር ላንተ ልሰጥህ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ልጥራ?»

ኤዶ ፋዱማን አየኋት። እጇ አሁንም ሽቦው ላይ ነው።

«አብራ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እሱ አብራ ካለ አብራ። እኔ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ምናልባት መዳቡ ሽቦውን አልነካው ይሆናል አልኩ በልቤ። ምናልባት ትንሽ ነዘር አድርጓት ትለቀዋለች... እንዲህ እያልኩ በሩ ጋ ደረስኩ።

አበራሁት።

አልጮኸችም። መጮህ አልቻለችም። ኮረንቲው ጣቶቿን ሽቦው ላይ ቆልፎ መላ ሰውነቷን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ እጄ ብሬከሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እንደምንም ሳጠፋው ሽቦውን በጥሳ ወደቀች። የተሰጣው አንሶላ ሁሉ አብሯት አፈር ላይ ተዘረገፈ።

ጋሽ በላቸው ጎንበስ ብለው አዩዋት። መተንፈሷን ሲያረጋግጡ ወደኔ ዞሩ።

«አሁን አመንኩህ። በራስህ ናስትሮ ሥራው።» እሷን ደግሞ «ስትነሺ አንሶላውን ድገሚው» ብለዋት ገቡ።

እኔ ስጠመጥም እሷ ተነስታ መዳፏን በሻሽ አሰረችና ቁጭ ብላ በአንድ እጇ ማጠብ ጀመረች። ቀና ብዬ አላየኋትም። ጥሩ አድርጌ፣ እየለጠጥኩ፣ ሦስት ዙር ጠመጠምኩ።

ልትሄድ ስትል አጠገቤ መጣች።

«አላህ ይስጥህ» አለችኝ። «አንተ ባታጠፋው ሞቼ ነበር።»

«አሚን» አልኳት።

አሥራ ሁለቱንም ክፍል ሠርቼ ጨረስኩ።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁልጊዜ ማን እንዳጠፋው ነው የማወራው... ማን እንዳበራው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።