ሰባት ፎቅ በእግር

ሊፍት ጠጋኙ ማታ ማታ ሚስቱን ከነዘንቢሏ ሊፍቱ ውስጥ ያስገባል፤ በሩ ሲዘጋ በመዳፉ ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርገውና ወደ ደረጃው ይዞራል። ቤታቸው ሰባተኛ ፎቅ ነው። ያንን አዝጋሚ ሊፍት ሃያ ዓመት የጠገነው፣ የብረት ገመዱንም የቀየረው እሱ ራሱ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ደረጃ ካልተወ ጉልበቱ ለቀዶ ሕክምና እንደሚዳረግ ነግሮታል።

«አንተ ሰውዬ፣ የገዛ እጅህን ካላመንከው እኔን ለምን ትልከኛለህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«እንደ ዓለት የጠበቀ ነው። ግቢ አንቺ።»

ታሪኩን የምትጽፈው የወንድሙ ልጅም ምክንያቱን ጠየቀችው።

«ሁለታችንም ገብተን ቢቆምስ? ማን ያወጣናል?»

«ቆሞ ያውቃል እንዴ፣ አጎቴ?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ?»

«እግሬን ጠይቂው። እኔ ብለምነው እምቢ ብሎኛል።»

ይህን ጻፊ አላት፤ መሳቂያ እንዳታደርገው ግን አንዲት ነገር ሳትጽፍ እንድትተውለት ለመናት፤ ደረጃውን እንዴት እንደሚወጣ። ጉልበቱን እየጎተተ ይሮጣል። በየፎቁ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ የሊፍቱን ማለፍ ይሰማል፣ እንደገና ይሮጣል። ሰባተኛው ላይ በሩ ሲከፈት ላቡን ጠርጎ፣ ምንም እንዳልቸኮለ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይፈልጋል።