ያልተነሳው እጅ

ቨርና ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከበረዶ ሆኪው አዳራሽ በር ላይ ድንች ጥብስ ትሸጣለች። አንድ ደንበኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨዋታው አይቀርም። አፍንጫው ተሰብሮ ጠማማ የገጠመ፣ ሲራመድ ጉልበቱን የሚያባብል ነው። በወጣትነቱ አጥቂ ሆኖ በደመወዝ ይጫወት እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቀኝ እጁ ከኪሱ ስለማይወጣ ቨርና በጨዋታ የተጎዳ ይመስላት ነበር።

ጎል ገብቶ አዳራሹ በጩኸት ሲናጋ እሱ ቁጭ እንዳለ ነው። አንድ ተጫዋች ጀርባውን ሰጥቶ ከበረዶ ሜዳው ግድግዳ ሥር ጠፍጣፋዋን የጎማ ኳስ ሲያሳድድ ግን ዓይኑን ይጨፍናል።

ዛሬ የጥሎ ማለፉ ፍልሚያ አበቃ። እንደ ደንቡ ሁለቱ ቡድኖች ጓንታቸውን አውልቀው፣ ተሰልፈው መጨባበጥ ሲጀምሩ ሰውየው ተነስቶ ወደ ቨርና መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዋናው ሲመጣ ትሸሻለህ? ሲቧቀሱ ከርመው አሁን እየተጨባበጡ እኮ ነው!»

«እኔም ተሰልፌ ጨብጫለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «አንዱ ግን ሰልፉ ላይ አልነበረም።»

«አኩርፎ ነው?»

«ከኋላው ገፍቼ ከግድግዳው ጋር ስላጋጨሁት ነዋ። በቃሬዛ ነው የወጣው፤ ከዚያ ወዲያ አልተራመደም።»

ቨርና ድንቹን መጠቅለል ጀመረች።

«ጓደኞቹ ግን አንድ ሳይቀሩ ጨበጡኝ» አለ። «ምናለ አንዱ እንኳ እጁን ቢነሳኝ!»

ድንቹን በግራ እጁ ተቀበላት። በሩን ለመክፈት ቀኙን ከኪሱ ሲያወጣ ቨርና አየችው። ጤነኛ እጅ ነበር፤ ጭረት እንኳ የለበትም።