የረመዳን ማማ

ከአረብ አገር የተመለሰ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ የለም። ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ ወርቅ፣ ሽቶ። ጎበዝ የተባለችው ደግሞ ገና ሳትመለስ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ ቤት አሠርታ ትጠብቃለች። የአቶ ረመዳን ልጅ ፈርሂያ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሳውዲ ኖራ በካርጎ ያስመጣችው አንድ ግዙፍ ጥቅል ነበር። ሲፈታ ድንኳን ሆነ። እሱም መሬት ላይ የሚተከል ቢሆን ደግ፤ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚዘረጋ፣ በመሰላል የሚወጡበት ድንኳን ነው። "ቤት ትሠራለች ስንል ድንኳን ተሸክማ መጣች" ብሎ ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም።

ፈርሂያ ግን የምታደርገውን ታውቃለች። አሠሪዎቿ በረሃ ወጥተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ ድንኳኑን የምትዘረጋውም፣ ልጆቹ በሙቀት እንዳያለቅሱ ውስጡን የምታቀዘቅዘውም እሷ ነበረች። ሲሸኟት ምን እንስጥሽ ቢሏት እሱን ጠየቀች። ባሏ ሙሐሲን አሮጌ ፒካፕ አለው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ እንግዳ ሁሉ ማደሪያ ሲቸግረው አይታ ነው ያደገችው፤ እባብና ጊንጥ የማይደርስበት ማደሪያ ብታከራይ ማን ይጠላል?

ክፋቱ፣ ለሙከራ አባቷ ግቢ ውስጥ የዘረጋችው ቀን የሆነው ነው። በእኛ አገር ሠርግ ሳይኖር ድንኳን ከተጣለ ትርጉሙ አንድ ነው። ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው አቶ አራጌ ከአጥሩ በላይ ሸራውን አዩና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ረመዳንን!" እያሉ በሩን በርግደው ገቡ። በሩ ላይ የተቀበሏቸው ራሳቸው አቶ ረመዳን ነበሩ፣ በእጃቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ እንደያዙ።

አቶ አራጌ ለሳምንት ሳቁበት። አቶ ረመዳን ግን አልሳቁም። "ልጄ በቁሜ ድንኳን ጣለችብኝ" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ያለበትን አቅጣጫ ማየትም ተዉ። ፈርሂያን ሆድ ባሳት። የጎረቤት ሳቅ ያልፋል። ያ ሁሉ የሰው ቤት ድካም በአባቷ አፍ የለቅሶ ድንኳን ተብሎ ሲቀር ግን እንዴት ይቻላል? አንድ ቀን፣ አንዲት ደግ ቃል ከእሳቸው መስማት ነበር የምትፈልገው።

በኅዳር ማሽላው ደረሰ። አቶ ረመዳን ቆላ ውስጥ፣ ዓባይን ቁልቁል በሚያይ ተረተር ላይ ማሳ አላቸው። በዚያ ዓመት ደግሞ ግሪሳ ወርዷል ተባለ። ወፍ ይጠብቁበት የነበረውን ማማ ምስጥ በልቶ ጥሎታል፤ እሳቸው ግን፣ "ማሽላዬን ለወፍ ሰጥቼ ቤት አልቀመጥም" ብለው ወንጭፋቸውን አነሡ። ፈርሂያና ሙሐሲን በፒካፑ ይዘዋቸው ወረዱ። ድንኳኑ ጣሪያው ላይ እንደታሰረ ነው።

ቀትር ሲሆን በረሃው ነደደ። አቶ ረመዳን የተጠለሉባት ግራር ቅጠሏ የሳሳ ነው፤ ጥላዋ ጥላ አይባልም። ፊታቸው ሲጠቁር ያየችው ፈርሂያ ድንኳኑን ዘረጋችና መጣች።

"አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ትንሽ ይውጡና ይረፉ።"

"እኔ በቁሜ ድንኳን አልገባም ብያለሁ።"

ብለው ነበር። ፀሐይ ግን ግትርነት አታውቅም፤ ጥቂት ቆይተው መሰላሉን ያዙ። እንደወጡም የመጀመሪያ ሥራቸው መስኮቱን ሁሉ መዝጋት ሆነ። የደጋ ሰው ናቸዋ! በሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት፣ "ዝጋው፣ ንፋስ ልታስመታን ነው!" ብለው ከሚጮኹት ዋናው እሳቸው ናቸው። ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጉ። ብዙም ሳይቆዩ ላብ አጥምቋቸው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

"ይሄ ድንኳንም አይደል፣ ምድጃ ነው! ይሄን ነው ከአረብ አገር ያመጣሽልኝ?"

ሙሐሲን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ፈርሂያ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

"አባባ፣ የድሮው ማማዎ ግድግዳ ነበረው እንዴ?"

"ማማ ምን ግድግዳ አለው?" አሉ በንዴት። "አራቱም ጎኑ ክፍት ነው እንጂ! ከፍ ያለውስ ለምን ሆነና፤ ወፉን ለማየት፣ ንፋሱን ለማግኘት..."

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ቀና ብለው ራሳቸው የዘጉትን ዚፕ አዩ።

ፈርሂያ ሥራዋን ጀመረች። ሙሐሲን ፒካፑን አዙሮ ጎኑን ከገደሉ ሽቅብ ለሚመጣው ንፋስ ሰጠው። እሷ ያራቱንም ጎን ዚፕ ከፈተች፤ የቀረው እንደ አጎበር ያለው መረብ ብቻ ነው። የላይኛውን ሸራ ከሥረኛው እንዳይነካካ በእንጨት ደግፋ አነሣችው፤ የፀሐዩን ግለት እሱ ይቀበል፣ በመሐሉ ንፋስ ይለፍ። በመጨረሻም ሽርጥ በውሃ ነክራ ንፋሱ በሚገባበት በኩል ሰቀለች። አባቷ ኮፍያቸውን እንደያዙ እጇን እጇን ያያሉ።

"አሁን ይግቡ" አለች።

ገቡ። ጋደም አሉ። እርጥቡን ሽርጥ አልፎ የሚገባው ንፋስ አንገታቸው ሥር ሲደርስ፣ "አልሐምዱሊላህ" የሚል ድምፅ ከላይ ተሰማ። ፈርሂያ ተኙ ብላ ስታስብ ግን መረቡ ተከፍቶ አንድ ክንድ ወጣ፣ ወንጭፉም ጮኸ። "ሃይ! ሂድ ወዲያ!" ግሪሳው ከማሳው ተነሥቶ ሸሸ። ከዚያ ላይ ሆነው ማሽላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያቸዋል፤ ከአሮጌው ማማ አንድም ሳይጎድልበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልካቸው ጠራ። አቶ አራጌ ናቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ እስከ ታች ይሰማል።

"ረመዳን፣ በረሃው ጨረሰህ ወይስ አለህ? ነጠላዬን ላዘቅዝቅ?"

ፈርሂያ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆመች። አባቷ የሚሉትን ሳትሰማ ከዚያ መንቀሳቀስ አልቻለችም።

"ተው አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ሊይዘኝ ነው!" አሉ አቶ ረመዳን፣ ማዶ ላለው አገር ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ማማ ላይ ነኝ።"

"ማማህን ምስጥ በላው አላልክም?"

"ያ አርጅቶ ነዋ። ይሄ ልጄ ሳውዲ ድረስ ሄዳ፣ ለፍታ ያመጣችልኝ ነው።"