ኤሊዋን ወደ ውጭ የላክሁ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሜ የሚያንገበግበኝን ልናገር። እኔ ከአገር ልወጣ ነው ሲባል አንድም ሰው አላለቀሰም። መኪናዬ ልትወጣ ነው ሲባል ግን የካ አባዶ ያለው ብሎካችን ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ተነሣብኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሳስቆፍር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰውን ቧንቧ አያያዝ መተቸት ሆኖ ነበር። በዚህ መሀል ወደ አፍሪካ ደቡብ ባለች አንዲት አገር የጉድጓድ ሥራ የሚያማክር አንጋፋ ባለሙያ ይፈለጋል ተባለ። ባለሙያነቱ ቢያጠራጥርም አንጋፋነቱን ከነሽበቱ አሟልቼ ስለተገኘሁ ለአንድ ዓመት ተቀጠርኩ። ውሉ ላይ ታዲያ አንዲት መስመር ነበረች፤ ቀጣሪው የሠራተኛውን አንድ የግል መኪና በራሱ ወጪ ያጓጉዛል ትላለች። እኔ ደግሞ ነጻ የሚባል ነገር ሳይ ልቤ አይችልም። ኮንዶሚኒየሙን እንጭንልሃለን ቢሉኝ ኖሮ ደረጃውን ጭምር እነቅል ነበር።

መኪናዬ ጀርባዋ የጎበጠ የድሮ የጀርመን መኪና ናት። ሰፈሩ «ኤሊዋ» ይላታል። ሊብሬው በእኔ ስም ይሁን እንጂ የሰፈር ንብረት ከሆነች ቆይታለች። ሰፈራችን ሩቅ ነው፤ ታክሲ ጠርተው «የካ አባዶ ነኝ» ሲሉት ሹፌሩ ኔትወርክ ይጠፋበታል። አንዱማ «እሱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ስለዚህ የታመመ፣ ያማጠች፣ የሚሞሸር፣ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን በግና ሙሽራ አንድ ላይ ጭኜ አውቃለሁ፤ ያስቸገረችኝ ሙሽራዋ ነበረች።

ወሬውን መጀመሪያ የሰማችው የምድር ቤቷ ጎረቤቴ ናት። ልብስ ልታሰጣ ሳፋዋን ይዛ ወጥታ ደረጃው ሥር ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ነው የምሰማው?»

«አዎ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፣ ልታጽናናኝ መስሎኝ። «ዓመት ምን አላት፣ አይክፋሽ።»

«የእርስዎንማ ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይከተልዎ። ኤሊዋን ነው የምልዎት።»

«አብራኝ ትሄዳለች።»

ሳፋውን መሬት አስቀመጠችው። «ልጄ ወሯ እየገባ መሆኑን እያወቁ?»

ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ምጡ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰው ሁሉ «ኤሊዋ አለች አይደል» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እኔም ሲባል ሰምቼ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቅንቄያለሁ።

የእድራችን ዳኛ ደግሞ ማታውኑ መጣ። ይህ ሰው እኩያዬ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና የነዳ፣ አሁን እድሩን እንደ ተሳቢ የሚጎትት።

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም» አለኝ ሳይቀመጥ። «መኪና ከውጭ ወደዚህ ይመጣል እንጂ ከዚህ ወደ ውጭ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ አይተሃል?»

«ውሉ ይፈቅድልኛል።»

«ውሉ ባርኔጣ ማድረግም ይፈቅድልሃል። መላጣህን መቼ ሸፈንክ?»

ይሄኔ ነው እልህ የያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኤሊዋን የፈለግኋት በሰው አገር በሰው መኪና እየተጫንኩ መመላለሱ ስላሳፈረኝ ነው። አንድ ሽማግሌ በጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚወስደውን ሲጠብቅ ታየኝ። የሚጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ላይ ካለ ፎቅ ቢሮ የተከራየ ወጣት ትራንዚተር ተገኘልኝ። የዕቃን ወረቀት ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚያዞር፣ ሁለት ስልክ በአንዴ የሚያወራ ልጅ ነው።

«ፋዘር፣ ማስገባት ነው አይደል?»

«ማስወጣት ነው።»

«ገባኝ። ከየት ነው የምትገባው?»

«አትገባም! ትወጣለች!»

ስልኮቹን ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እንደ ብርቅ እንስሳ አየኝ። ከዚያ ግን «ፋዘር፣ ችግር የለም» አለኝ። በዚህ ከተማ ችግር የለም ከተባለ ችግሩ መነሻውን አግኝቷል ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ አይደለም ይህን ያህል ዘመን የኖርኩት። ነጻ የሚለው ቃል ጆሮዬን ደፍኖት ነው።

ኤሊዋን በራሴ እጅ ነድቼ ደረቅ ወደብ አስረከብኳት። ኮንቴይነር ውስጥ ገብታ፣ በሩ ታሽጎ፣ ሰነዷ ላይ ማኅተም ተመቶ፣ እኔም ክብር የተሰማኝ ያህል ደረቴን ነፍቼ በሚኒባስ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ትራንዚተሩ ደወለ።

«ፋዘር፣ አንዲት ትንሽ ነገር አለች።»

ትንሿ ነገር ይህቺ ናት። በዚያች አገር መኪና የሚሄደው በግራ፣ መሪው ያለው በቀኝ ነው። መሪዋ በግራ የሆነ አሮጌ መኪና ታርጋ አይሰጣትም፤ ብትደርስም ወደብ ላይ ቆማ ትቀራለች።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀው ነበር እንዴ ፋዘር?»

አልጠየቅሁም። የማላውቀው መንደር ስደርስ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የአለቱን ዓይነት፣ የውሃውን ጣዕም የምጠይቅ ባለሙያ፣ መንገዱ በየት በኩል ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

«በቃ መልሳት» አልኩት።

«እሱን ደረቅ ወደብ ሄደው ይጠይቁ ፋዘር» አለና ዘጋው። ይህ ልጅ «ችግር የለም» ሳይል ስልክ ሲዘጋ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

በማግስቱ ደረቅ ወደቡ ጋ ካለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትሕትናው ይበልጥ የሚያናድድ ሰው ነበር።

«መኪናዋ ወጥታለች» አለኝ።

«የት ወጣች? ኮንቴይነሯ ያቻት! በመስኮትዎ እኮ ትታያለች!»

«በአካል እዚህ ናት። በሰነድ ግን ወጥታለች። ትመለስልኝ ካሉ ማስገባት ይሆናል፤ የነዳጅ መኪና ማስገባት ደግሞ ተከልክሏል።» ጥቂት አሰበና «ኤሌክትሪክ ናት?» አለኝ።

«ክላክሷ እንኳ ኤሌክትሪክ መሆኑን እጠራጠራለሁ!»

እስኪ ፍረዱኝ! ባሕር አላየች፣ ጠረፍ አልረገጠች፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ሽሮ ከሚበላበት መንገድ ዳር ቆማ፣ ውጭ አገር ናት ተባለች። ወዲያ ማዶ መሪሽ በግራ ነው ብለው አይቀበሏት፣ ወዲህ ነዳጅ ትጠጫለሽ ብለው አይመልሷት። እኔ ራሴ በሰነድ ምን እንደሆንኩ ፈራሁ። ቪዛዬ ተመትቷል፤ ምናልባት እኔም ወጥቼ ይሆናል። የካ አባዶ ልግባ ብል፣ እኔም በፈሳሽ የምንቀሳቀስ ነኝና ሊከለክሉኝ ይችላሉ።

ተመላለስኩ። ማመልከቻ ይጻፉ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። ሲስተም የለም ተባልኩ። ሲስተሙ ሲመጣ ሰውየው ስብሰባ ገባ። የመብረሪያዬ ቀን እየቀረበ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሆድ እየገፋ፣ እኔ መገናኛ ላይ የሚኒባስ ሰልፍ እየጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ ለምድር ቤቷ ጎረቤቴ እውነቱን ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለጩኸቱ መልስም ነበረኝ። አልጮኸችም።

«ታዲያ ልጄ መንገድ ላይ ትውለድ ጋሼ?» አለችና ሳፋዋን አንሥታ ገባች።

እኔም ወደ ዳኛው ቤት አቀናሁ።

ዳኛው ይህን ሲሰማ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረ። «ይሄ በማመልከቻ የሚሆን አይደለም። ሽማግሌ ይላክ።»

«ለማን? ለመሥሪያ ቤት?»

«መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አይደለም? እናት አልወለደችውም? አንተ ደግሞ አጥፊው ስለሆንክ ድንጋይ ትሸከማለህ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«የሰፈር መኪና ሰፈር ሳይመክርበት ከአገር አስወጣህ። አንሣ!»

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ በአያቶቻችን ቀርቷል ብዬ ተከራከርኩ። ክርክሩን እያሰማሁ ከአጥሩ ሥር አንዲት ትንሽ ድንጋይ መረጥኩ። ዳኛው ከእጄ ነጥቆ ወረወራት።

«ይሄማ ጠጠር ነው። በደልህን የምታክል አንሣ!»

ሄድን። ዳኛው ፊት፣ የምድር ቤቷ ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ፣ እኔ መሀል ድንጋይ በትከሻዬ። ጥበቃው በሩ ላይ አስቆመን።

«ድንጋዩ ምንድን ነው አባባ?»

«የእኔ ነው።»

«ሲወጡ ይዘውት ይወጣሉ?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«እንግዲያው ይመዝገብ» አለና መዘገበው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አርባ ዓመት አገሬ ላይ የነዳኋት መኪና መግባት አትችልም፤ ድንጋዬ ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ገባ።

ኃላፊው ጋቢና ነጠላ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ዳኛው፣ ልክ ሴት ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ። «ልጃችን እናንተ ግቢ ገብታ ቀርታብናለች።»

ሰውየው ደነገጠ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አርባ አልፏታል።»

«ጎባጣ ናት» አለች ጎረቤቴ፣ ለመለየት እንዲመቸው ብላ።

«ይኼ የምታየው ሽማግሌ» ዳኛው ወደ እኔ ጠቆመ፣ «ዕውቀት በዝቶበት ነው። ሳይጠይቅ፣ ሳያማክር፣ ነጻ ነው ሲሉት ጊዜ አሳልፎ ሰጣት። አሁን ይቺ እናት ልጇ ደርሳለች፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት የለም። አጥፊው አጥፍቻለሁ ብሎ እግርህ ሥር መጥቷል።»

ጎንበስ አልኩ። ለመጎንበስ ትወና አላስፈለገኝም፤ ድንጋዩ አጎንብሶኛል። ላቤ ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ኃላፊው አላስቻለውም። በሁለት እጁ ሊቀበለኝ ተንደርድሮ መጣ።

«ኧረ በእመብርሃን! ድንጋዩን ያውርዱት አባቴ!»

«እሰይ!» ዳኛው አጨበጨበ። «ድንጋዩን አውርድ አለ! ይቅር ብሏል! ሰምተሻል አይደል አንቺ?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» እልል አለች ጎረቤቴ። ከሌሎቹ ክፍሎች ሰው መውጣት ጀመረ።

ኃላፊው ድንጋዬን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ድንጋይ ያወረደ ሰው ቃሉን አያጥፍም፤ እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው። መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ነካካና «ድንበር ያላለፈ ዕቃ ከሆነ ሰነዱን መሰረዝ ይቻላል» አለ።

«ይቻላል?!» ብዬ ጮኽሁ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ይቻል ነበር?!»

ዳኛው እግሬን ረገጠው። «ዝም በል! ድንጋዩን መልሼ እንዳላሸክምህ።»

ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ስጽፍ ተቀባይ አልነበረኝም፤ ሕጉን ስጠቅስ ማንም አልሰማኝም። የተሰማሁት ድንጋይ ስሸከም ነው። ሲያስረክቡን ቁልፉን ለዳኛው ሰጡት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ በገዛ መኪናዬ ተጭኜ ሰፈር ገባሁ። ከዚህ ውርደት ልሸሽ ነበር እኮ ኤሊዋን የላክኋት!

የምሄድበት ቀን ዳኛውና ጎረቤቴ በኤሊዋ ቦሌ አደረሱኝ። ልጅቷ ገና ናት ተብሎ ስለነበር ጎረቤቴ ዘና ብላለች። ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፣ ከረባት አስሬያለሁ፣ በልቤ አጭር የስንብት ንግግር አዘጋጅቻለሁ። ሻንጣዬን አውርጄ «እንግዲህ ወዳጆቼ» ከማለቴ የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ።

«ምጥ ጀመራት!» አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ዳኛው ቁልፉን ጠመዘዘ። ኤሊዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ዝም። ኮንቴይነር ውስጥ ቆማ ባትሪዋ ተዳክሟል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ግፋ!» አለኝ በመስኮቱ።

ገፋሁ። በሙሉ ልብስ፣ በከረባት፣ አገር እያየ፣ ጎረቤቴ በአንድ ጎን እኔ በሌላው። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን እየነፋ መጣና እሱም ገፋ። ኤሊዋ ተንደረደረች፣ አስነጠሰች፣ ተነሣች። ጎረቤቴ እየሮጠች ዘላ ገባች። ቢቆሙ ስለምትጠፋ አልቆሙም። የስንብት ንግግሬን እንደያዝኩ መንገዱ መሀል ቀረሁ። እጅ እንኳ ያወዛወዘልኝ የለም።

ተሳፋሪ ማቆያው ውስጥ ተቀምጬ ስበሽቅ ዳኛው ደወለ።

«ወስደናት ደርሰናል፣ ሐኪም ቤቱ ግቢ ነን፣ ተቀብለዋታል። ሞተሩን ግን አላጠፋሁትም።»

«ስለ እኔስ ምንም አትሉም?»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለና ዘጋው።

አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ሞቅ ያለ ፎጣ ሰጠችኝ። እጄን ስጠርግበት ፎጣው ጥላሸት ሆነ። ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ሌላ ጨመረችልኝ።

«አባባ፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«አይ የኔ ልጅ» አልኳት ከረባቴን እያስተካከልኩ፣ «መኪና ላኪ ነኝ።»