የወፍጮ ዘይት በታኅሣሥ ውርጭ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ባለቤቴ ለሞተር ሳይክሉ ዘይት እንድገዛለት አዞኝ ስለነበር መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። የምንኖረው ጋምቤላ ነው። ገና ረፋድ ሳይሆን ነጠላዬ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ «ዘይት» ከማለቴ ቀድሞኝ፣

«እትዬ፣ እዚህ አገር ወፍራሙ ነው የሚሻለው። ቀጭኑ በዚህ ሙቀት ውሃ ይሆንብዎታል» አለኝ።

ወፍራሙ ሲለኝ በዚያ ሁሉ ወበቅ ውስጥ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግሁ። የደጋዋ የትውልድ ከተማዬ የራቤል የታኅሣሥ ማለዳ፣ በርኖሳቸውን የደረቡት አባቴና አልነሳ ያለው ሞተር በአንድ ጊዜ መጡብኝ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ሥልጠናዬን ጨርሼ በትውልድ አገሬ በግሼ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ የሆንኩ ልጅ ነኝ። ካንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጋር ተመደብኩ። ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ለማየት ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር። እናቴ ከሞተሩ ይልቅ የከበዳት ሱሪው ነው። «ከቀሚስሽ ሥር እስከሆነ ድረስ የንስሐ አባትሽ ዝም ብለዋል፤ እኔም ዝም ብያለሁ» ትለኝ ነበር። ዝም ግን አላለችም።

በዚያ ዓመት በአካባቢው የበግ ፈንጣጣ ገባ። ጓሳ የሚባለው የጋራ ሣር ምድራችን ማንም እንዳሻው የሚገባበት ግጦሽ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ሲዘጉት ይዘጋል፣ ሲከፍቱት ይከፈታል። ከጥምቀት ማግስት እንዲከፈት ተወስኖ ነበር። ሲከፈት የየመንደሩ በግ እዚያ ይቀላቀላል፤ የአንዱ በሽታ የሁሉም ይሆናል። ክትባቱ ደግሞ በበጉ ገላ እስኪይዝ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከጓሳ ሥር ላለችው መንደር የተገኘው ቀን የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት ይከታተላሉ፤ በበዓል በግ አሰባስቦ የሚያስወጋ ሰው አልነበረም። መንደርተኛው የገብስ አውድማውን ትቶ በማለዳ ሊጠብቀኝ ተስማማ።

እንግዲህ ለዚህ መንገድ የሞተሩ ዘይት መቀየር ነበረበት። የነበረው ጠቁሮ አልቋል። አባቴ አብሬሽ ልሂድ አሉ። አባቴ በራቤል ገበያ ማር በመለየት የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ገዢና ሻጭ ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸውን ነው። በጣታቸው ያነሱና ወደ ላይ ይስቡታል፤ ክሩ ሳይበጠስ ከረዘመ ንጹሕ ነው፣ ቶሎ ከተንጠባጠበ ተበርዟል።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ዘይት አቀረበልን። አባቴ ከሁለቱም በጣታቸው አነሱ። አንዱ ወዲያው ተንጠባጠበ። ሌላው እንደ ክር ተሳበ።

«ይሄኛው ምንድነው?» አሉ፣ ወፍራሙን እያሳዩ።

«የወፍጮ ነው፤ ባለወፍጮዎቹ ሁሉ የሚወስዱት እሱን ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ዘይት ነው። ብዙ ሰው አይወደውም።»

«እንዴት ይወደዋል? ውሃ ገብቶበታል» አሉ አባቴ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚያዞረውን ወፍጮ የቻለ፣ ያንቺን ፈረስ አይችልም?» አሉኝ።

ሥልጠና ላይ ስለ ዘይት ቁጥር አንድ ነገር ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላስታወስኩም። ወፍራሙ እውነትም ደስ ይላል፤ የሠፈራችንን ነጭ ማር ይመስላል። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፣ አመንኩበት። ሞላነው። ማታ አባቴ ብርድ እንዳይነካው ብለው የራሳቸውን የበግ ጠጉር ባና አለበሱት።

ጎህ ሲቀድ ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ጭቃ የረገጥኩ ያህል እግሬ ሥር ቀረ። ደገምኩ። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ። የክትባቱ ሣጥን ከኋላ ታስሯል፣ በሶዬ በቀረጢቴ ገብቷል፣ መንደርተኛው በጎቹን እያወጣ እንደሆነ አውቃለሁ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። ፀሐይዋ ከጋራው ላይ ብቅ ስትል ፔዳሉን መርገጥ ተውኩ። በጓሮና በበሩ መካከል መመላለስ ያዝኩ።

አባቴ በገል ፍም ይዘው መጡ። «ሥሩ ላስጠጋለት?»

«አባባ፣ ቤንዚን አለበት። እንኳን እኛ፣ ራቤልም አትተርፍም።»

ፍሙን አስቀምጠው ቆሙ። ከዚያ ዝቅ ብለው ከሞተሩ አፍ ላይ በስንጥር ዘይቱን ነካ አደረጉ። አልፈስ አለ።

«ረግቷል» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ማር ረግቷል።»

እንግዲያው እንደረጋ ማር ይሞቃላ። ብሎኑን ፈታን፤ ዘይቱ እየተጎተተ ከሥሩ ወዳደረግነው ገበታ ወረደ። እናቴን ድስት ጠየቅኋት።

«የጾሙን ነው የፍስኩን?» አለች።

«እማዬ፣ የሞተር ዘይት እኮ ነው።»

«ዘይት መሆኑን ሰማሁ። ከእህል ይሁን ከከብት በምን አውቃለሁ?»

«ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው ይላሉ» አሉ አባቴ።

«እንግዲያው ከማን ጋር እንደኖረ አይታወቅም፤ የጾም ድስቴን አይነካም» ብላ ለገና የተሰቀለውን የፍስክ ድስት አወረደች። «ለገና ዶሮው ቢሸት እናንተው ትበሉታላችሁ።»

አሞቅነው፤ በማንቆርቆሪያ መለስነው። ሞተሩ ተነሳ። አባቴ አማተቡ። እኔ ቀሚሴን እንኳ ሳላስተካክል ወጣሁ።

መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከኋላዬ የምትወጣውን ፀሐይ ነው፤ በየመታጠፊያው ጥላዬ እያጠረ ሲመጣ አየሁት። ስደርስ የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ማሞ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጄ፣ መጣሽ? እኛማ ሞተርሽን ጅብ በላው ብለን ነበር» አሉ። የሳቀ የለም። አብዛኛው ቆይቶ ነበር። አያ ተሰማ የሚባል አንድ ጎልማሳ ግን አውድማው ላይ የተሰጣ ገብስ ስለነበረው በጎቹን ነድቶ ወንዝ ማዶ ወርዷል። ሰው ላኩ፤ አልደረሱበትም። እኔ እስኪመሽ ስወጋ ዋልኩ።

በዓላቱ ሲያልፉ ተመልሼ የእሱንም ከተብኩ። ጓሳ እስኪከፈት ግን ሦስት ሳምንት አልቀረም ነበር። ጓሳ ሲከፈት ትንሽ እንዲቆይ ለመንኩት፤ በጎቹ ተርበው፣ የቤቱ ደጅ ተግጦ አልቆ ስለነበር ነድቷቸው ወጣ። በየካቲት ግልገሎቹ በፈንጣጣው አለቁ። ላጽናናው ስሄድ አያ ተሰማ ውሃ ጠጪ ብሎ ሰጠኝና፣ «አንቺማ መጣሽ። የሄድኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ወርጄ ዘይት ጠየቅሁ። ሻጩ የት ነው የምትነጂው ብሎ ጠየቀኝ፤ መንዝና ግሼ ስለው ሳቀ። ቆርቆሮው ላይ ካሉት ሁለት ቁጥሮች የፊተኛው የብርድ እንደሆነ፣ እሱ ባነሰ መጠን ዘይቱ በውርጭም እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚጸና እንደሚናገር አስረዳኝ። ይዤው ስመጣ አባቴ በጣታቸው አነሱት፤ ወዲያው ተንጠባጠበ። ጣታቸውን በበርኖሳቸው ጠረጉ። በማግስቱ ውርጭ ላይ ሞተሩ በመጀመሪያው ርግጫ ሲነሳ ግን ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ማር መብላት የኛ ነው ለካ፤ የሱ አይደለም» አሉ።

አባቴም አያ ተሰማም አሁን የሉም። ለባለቤቴ ሞተር ጎረምሳው ሻጭ ያለኝን ወፍራሙን ገዛሁ፤ እዚህ እሱ ነው ትክክሉ።

ጎረቤታችን ባጃጅ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ እኔ ቆሜ ውዳሴ ማርያም ሳደርስ፣ እሱ ያስነሳል። አንዳንድ ቀን እንቢ ይለዋል። ያኔ ከንፈሬ ይቆማል። ማን እንደሚጠብቀው አላውቅም፤ ምናልባት ወደ ሐኪም የምትሄድ አራስ፣ ምናልባት ሥራውን ትቶ የቆመ ሰው። ጀርባዬን ለማርያም ሥዕል እንዳልሰጥ እፈራለሁና ወደ መስኮቱ አልዞርም። የባጃጁ ድምፅ እስኪነሳ ድረስ ግን የሚቀጥለውን ቃል ማለት አልችልም።